ለዴስክቶፕ ፕሮግራም ማን ፔጅ፦ በሄልፕቱማን ይውጣ ወይስ በእጅ ይጻፍ?

ጀማሪው_አልሚ፦

ሰላም ለሁላችሁ። በሲ እና በጂቲኬ 4 (መስኮትና አዝራር መሥሪያ ላይብረሪ) የተሠራ፣ የፎቶዎችን መጠን በጅምላ የሚቀንስ ኦፕን ሶርስ ፕሮግራም አለ፤ ቢልዱ በሜሶን (ፕሮግራም መገንቢያ መሣሪያ) ነው። የዴቢያን ፓኬጁ በሊንቲያን (የፓኬጅ ጉድለት ፈታሽ) ሲፈተሽ ማን ፔጅ (ማን በሚለው ትዕዛዝ ተርሚናል ላይ የሚነበብ የእርዳታ ገጽ) የለውም የሚል ማሳሰቢያ ይወጣል። ሦስት ነገር ልጠይቅ።

አንደኛ፣ ሰው አይከኑን ተጭኖ ለሚከፍተው ፕሮግራም ማን ፔጅ ምን ይሠራለታል? እርዳታው እኮ ሜኑው ውስጥ አለ። ሁለተኛ፣ ሄልፕቱማን --ሄልፕ ከሚያወጣው ጽሑፍ ገጹን በራሱ ይሠራል፤ ላፕቶፕ ላይ ያለችግር ሲያወጣ ቢልድ ሰርቨር ላይ ግን "ዲስፕሌይ መክፈት አልተቻለም" ብሎ ይቆማል። ሦስተኛ፣ የአማርኛ ገጽ አብሮ ማስገባት ይቻላል ወይ? ከተቻለ ፋይሉ የት ይቀመጣል?

(የትዕዛዞችን ስም በአነባበባቸው ጽፌያለሁ፤ መልሱም እንዲሁ ቢሆን ለማንበብ ይቀላል።)


ፓኬጅ_ሠሪ፦

ወንድሜ፣ ከመጀመሪያው ጥያቄ ልጀምር፤ እሱ ሳይመለስ የቀሩት ትርጉም የላቸውም።

የዴቢያን ፖሊሲ ምዕራፍ 12 ላይ ማንኛውም ፕሮግራም ማን ፔጅ ሊኖረው እንደሚገባ፣ ገጹም እዚያው ፓኬጅ ውስጥ ወይም ፓኬጁ በሚጠይቀው ሌላ ፓኬጅ ውስጥ መሆን እንዳለበት ተጽፏል። ለመስኮት ፕሮግራም የተለየ ነፃነት የለም። ገጹ ከሌለ እንደ ባግ ይቆጠራል፤ ፓኬጁን ከሪሊዝ የሚያስወጣ ባግ ግን አይደለም።

ዋናው ምክንያት ግን ሊንቲያን አይደለም። የሜኑው እርዳታ የሚያገለግለው መስኮቱ ሲከፈት ነው። ሰው ማን ብሎ የሚጽፈው መስኮቱ እምቢ ሲለው፣ በኤስኤስኤች ገብቶ ስክሪን በሌለው ማሽን ላይ ሲሠራ፣ ወይም ፕሮግራሙን ስክሪፕት ውስጥ ሲከት ነው። ስለዚህ ገጹ ላይ መስፈር ያለበት መስኮቱ የማይናገረው ነገር ነው። "ፋይል የሚለውን ተጭነው ክፈት የሚለውን ይምረጡ" የሚል ማን ፔጅ ቦታ ይዞ የተቀመጠ ባዶ ወረቀት ነው።

ምሳሌ ልስጥህ። ሊብሬኦፊስ ያለመስኮት ሰነድ ወደ ፒዲኤፍ ይቀይራል፤ --ሄድለስ እና --ኮንቨርት-ቱ የሚባሉት አማራጮች ለዚህ ናቸው። ተጠቃሚው በዚያው ሰዓት ሊብሬኦፊስ ከፍቶ የሚሠራ ከሆነ ግን አዲሱ ትዕዛዝ የተለየ የፕሮፋይል ፎልደር ካልተሰጠው ፋይሉን ሳይቀይር ሊመለስ ይችላል። ይህን ከሜኑው የሚያገኝ ሰው የለም። የማን ፔጅ ሥራ ይሄ ነው።

የአንተ ፕሮግራም በጂአፕሊኬሽን (የጂቲኬ ፕሮግራሞች መነሻ መሠረት) ላይ ስለተሠራ ተመሳሳይ ባሕርይ አለው። አንድ ጊዜ ተከፍቶ ሳለ ሁለተኛ ጊዜ ከተርሚናል ብትጠራው፣ ሁለተኛው የፋይሎቹን ስም በዲባስ (ፕሮግራሞች መልእክት የሚለዋወጡበት መንገድ) ለመጀመሪያው አቀብሎ ወዲያው በኤግዚት ኮድ 0 (ያለስሕተት አልቋል የሚል ቁጥር) ይወጣል። ሥራው ተጠናቀቀ ማለት አይደለም። "ትዕዛዙ ሲመለስ ፎቶዎቹ ተቀንሰዋል" ብሎ ያመነ ስክሪፕት ግማሽ የተጻፈ ፋይል ያነሳል። ስለዚህ ገጽህ ላይ እነዚህ ይግቡ፦ እያንዳንዱ አማራጭና ሳይጻፍ ሲቀር የሚወሰደው ዋጋ፣ የኤግዚት ኮዶቹ፣ ቅንብሩ የተቀመጠበት የጂሴቲንግስ ስኪማ ስም እና እንዴት ወደ መጀመሪያው እንደሚመለስ፣ በሆም ፎልደር ውስጥ የሚፈጥራቸው ፋይሎች፣ የሚያነባቸው ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብሎች፣ የዲባስ ስሙ። የገጹ ስም ደግሞ ሰው ተርሚናል ላይ የሚጽፈው ትዕዛዝ ስም ነው፤ የአፕሊኬሽኑ መለያ ወይም መስኮቱ አናት ላይ ያለው ስም አይደለም።

ወደ ሰርቨሩ ልምጣ። ጂቲኬ 4 ላይ ጂቲኬ-አፕሊኬሽንን በትክክል ከተጠቀምክ --ሄልፕ ዲስፕሌይ አይፈልግም። ጂአፕሊኬሽን አማራጮቹን የሚያነበው ገና ስታርትአፕ ሳይደርስ ነው፤ ዲስፕሌይ የሚከፈተው ስታርትአፕ ላይ ነው። አንተ ጋ ከቆመ ሜይን ፈንክሽኑ መጀመሪያ ላይ ጂቲኬ-ኢኒት ወይም አድዋይታ-ኢኒት በእጅ ተጠርቷል ማለት ነው። ጥሪውን አውጣው። አማራጮቹን አድ-ሜይን-ኦፕሽን-ኤንትሪስ በሚባለው ፈንክሽን አስመዝግብ፤ --ቨርዥንን ሃንድል-ሎካል-ኦፕሽንስ የሚባለው ሲግናል ላይ መልሰህ 0 ስጥ። እዚያ 0 ወይም ከዚያ በላይ ከተመለሰ ፕሮግራሙ በዚያው ኮድ ይወጣል፣ -1 ከሆነ ሥራውን ይቀጥላል።

ለኪውት (እንደ ጂቲኬ ያለ ሌላ ላይብረሪ) ተጠቃሚዎች፦ እዚያ የአፕሊኬሽኑ ኦብጀክት የሚፈጠረው አማራጮቹ ከመነበባቸው በፊት ስለሆነ --ሄልፕ ያለዲስፕሌይ ይወድቃል። ኪውቲ_ኪውፒኤ_ፕላትፎርም የሚባለውን ቫሪያብል ኦፍስክሪን አድርጎ መጥራት ይበቃል።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ሄልፕቱማንን አልመክርህም። ገጹን ለማውጣት የተገነባውን ፕሮግራም ማስኬድ ግዴታው ነው፤ በኢንቴል ማሽን ላይ ለአርም 64 ስትገነባ ውጤቱ እዚያው አይሄድም። ከዚያ በላይ ደግሞ --ሄልፕ የማይለውን እሱም ሊለው አይችልም። ከላይ የዘረዘርኩት የኤግዚት ኮድና የዲባስ ጉዳይ --ሄልፕ ውስጥ የለም፤ ተጨማሪ ፋይል ካላቀረብክለት ገጹ የአማራጭ ዝርዝር ሆኖ ይቀራል።


ሮፍ_ጸሐፊ፦

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፣ በእጅ ይጻፍ። ለአንድ ዴስክቶፕ ፕሮግራም ከ100 እስከ 150 መስመር ይበቃል፤ ከሮፍ (ማን ፔጅ የሚጻፍበት የቅርጽ ቋንቋ) የሚያስፈልገው ማክሮም (በነጥብ የሚጀምር የቅርጽ ትዕዛዝ) ከ6 አይበልጥም። ቲኤች የገጹ ራስ ነው፤ ስም፣ ክፍል፣ ቀን፣ ቨርዥን እና የማኑዋሉን ስም በዚህ ቅደም ተከተል ይቀበላል። ኤስኤች ለርዕስ፣ ቲፒ ለአማራጭና ማብራሪያው፣ ቢ ለደማቅ፣ አይ ተጠቃሚው በራሱ ለሚተካው ቃል፣ ፒፒ ለአዲስ አንቀጽ። ክፍሉ ለተራ ፕሮግራም 1፣ ለጌም 6፣ የቅንብር ፋይሉ የራሱ ገጽ ከተጻፈለት ደግሞ 5 ነው።

ሰው የሚወድቅባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው።

ኔም የሚለው ርዕስ ሥር ያለው መስመር ለአንባቢ ብቻ አይደለም። ሁዋትኢዝ እና አፕሮፖስ (ማን ፔጆችን የሚፈልጉ ትዕዛዞች) ዝርዝራቸውን የሚሠሩት ከእሱ ነው። ቅርጹ የትዕዛዙ ስም፣ ክፍት ቦታ፣ \-፣ ክፍት ቦታ፣ አጭር መግለጫ ነው። ሌላ ማስዋቢያ አትጨምርበት። ሌክስግሮግ የሚባለውን ትዕዛዝ ፋይሉ ላይ አስኪደው፤ መስመሩን መልሶ ካላሳየህ ገጽህ በፍለጋ አይገኝም።

ሰረዝ። ሮፍ ውስጥ እርቃኑን የተጻፈ ሰረዝ ቃል ማያያዣ ነው፤ በዩቲኤፍ-8 ተርሚናል ላይ ከኪቦርዱ ሰረዝ የተለየ ፊደል ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ለዓይን አንድ ነው። ተጠቃሚው ግን አማራጩን ኮፒ አድርጎ ተርሚናል ላይ ሲለጥፈው ፕሮግራሙ አላውቀውም ይለዋል፤ ገጹ ውስጥ ሲፈልገውም አያገኘውም። በ2023 የወጣው ግሮፍ 1.23 (ሮፍን ወደሚነበብ ገጽ የሚቀይረው ፕሮግራም) ይህን ይበልጥ አጥብቆታል፤ አንዳንድ ዲስትሪቢውሽኖች በራሳቸው ቅንብር መልሰው ስላላሉት አንዱ ማሽን ላይ ይታያል፣ ሌላው ላይ አይታይም። ማንኛውም ተጠቃሚ የሚጽፈው ሰረዝ \- ይሁን፤ --አውትፑት የሚለው \-\-አውትፑት ተብሎ ይጻፋል። የሆም ፎልደሩን ~ ደግሞ \(ቲአይ ብለህ ጻፈው፣ እሱም በተመሳሳይ ምክንያት ነው።

በነጥብ የሚጀምር መስመር። የዴስክቶፕ ገጾችን ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ይሄ ነው፣ ምክንያቱም የዴስክቶፕ ፋይል መጨረሻ .ዴስክቶፕ ነው። ዓረፍተ ነገርህ "ማስጀመሪያው" ላይ አልቆ ቀጣዩ መስመር በ.ዴስክቶፕ ቢጀምር፣ ሮፍ "ዴስክቶፕ የሚባል ማክሮ ነው" ብሎ ይወስደዋል። እንዲህ ያለ ማክሮ ስለሌለ መስመሩን በሙሉ ይውጠዋል፣ ምንም ስሕተት ሳያሳይህ። አንባቢው የሚያየው ግማሽ ዓረፍተ ነገር ነው። መድኃኒቱ ከነጥቡ በፊት \& ማስገባት ነው። በነጠላ ጥቅስ የሚጀምር መስመርም እንደዚሁ ይጠፋል።

ከመላክህ በፊት በሦስት ነገር ፈትሽ፦ ማንዶክ (ሌላ የማን ፔጅ አንባቢ) በ-ቲ ሊንት፣ ግሮፍ በ-ማን -ደብልዩደብልዩ -ዜድ (ጽሑፉን ሳያወጣ ማስጠንቀቂያውን ብቻ ያሳያል፤ ከላይ ያልኩት የጠፋ መስመር እዚህ ይያዛል)፣ በመጨረሻም ማን -ኤል (ትንሹ ኤል) ብለህ በዓይንህ አንብበው። ማንዊድዝ የሚባለውን ቫሪያብል 60 አድርገህ አንድ ጊዜ ድገመው፤ ጠባብ መስኮት ላይ የሚሰባበር ሠንጠረዥ ካለ ያኔ ይታያል።

ሮፍ አልወደድኩትም ካልክ ኤስሲዶክ (ከቀላል ጽሑፍ ማን ፔጅ የሚያወጣ መሣሪያ) ጥሩ ነው። ሌላ ላይብረሪ አይፈልግም፣ ሰረዙንም ራሱ ያስተካክላል። ውስጥ የሚገባ ጽሑፍ በታብ ሳይሆን በስፔስ ከተገፋ ግን ይቆማል፤ ኤዲተርህ ታብን ወደ ስፔስ የሚቀይር ከሆነ መጀመሪያ እሱን አጥፋ። ፓንዶክ (የሰነድ ዓይነት ቀያሪ) ከመረጥክ ሁለት ነገር አትርሳ። -ኤስ ካላልክ የቲኤች መስመር አይወጣም። ሌላው፣ ማርክዳውን ሲያነብ ሁለት ተከታታይ ሰረዝን ወደ አንድ ረዘም ያለ ሰረዝ ይቀይራል፣ --ሄልፕ በዚህ ይበላሻል። አማራጮቹን በሙሉ በኋላ ጥቅስ (`) ውስጥ አስገባ ወይም ማርክዳውን-ስማርት የሚለውን የግብዓት ዓይነት ስጠው።

ዶክቡክን (በኤክስኤምኤል የሚጻፍ የሰነድ ቅርጽ) የኬዲኢ ፕሮጀክቶች አሁንም ይጠቀማሉ፣ የራሳቸው የሲሜክ ማክሮ ስላላቸው ይመቻቸዋል። ለአዲስ ፕሮጀክት ግን አልመርጠውም። ጂሊብ (ጂቲኬ የተመሠረተበት ላይብረሪ) ራሱ ማን ፔጆቹን ከዶክቡክ ወደ ሪስትራክቸርድቴክስት አዛውሯል።


ተርጓሚዋ፦

ሦስተኛውን እኔ ልመልስ። ይቻላል። የአማርኛው ገጽ /ዩኤስአር/ሼር/ማን/ኤኤም/ማን1 ውስጥ ይገባል፤ የፋይሉ ስም ከእንግሊዝኛው ጋር አንድ ነው፣ የሚለየው ፎልደሩ ነው። ሜሶን ከ0.58 ጀምሮ ኢንስቶል_ማን ውስጥ ሎኬል የሚል መስጫ ስላለው ኤኤም ማለት ይበቃል። ተጠቃሚው የሲስተሙ ቋንቋ አማርኛ ከሆነ በቀጥታ ይመጣለታል፣ ካልሆነ ማን -ኤል (ትልቁ ኤል) ኤኤም ብሎ ይጠራዋል። የአማርኛ ገጽ የሌለው ፕሮግራም በእንግሊዝኛው ይከፈታል፣ ስለዚህ አንድ ገጽ ብቻ መተርጎም ምንም አያበላሽም። ፋይሉ ዩቲኤፍ-8 ይሁን።

ጽሑፉን ኮፒ አድርገህ አትተርጉም፣ በፖ4ኤ (ሰነድን በየአንቀጹ የሚያስተረጉም መሣሪያ) ሥራው። እንግሊዝኛው ሲቀየር የትኛው አንቀጽ እንዳረጀ የሚነግርህ እሱ ነው። ግን እወቅ፦ ፖ4ኤ ከ80 በመቶ በታች የተተረጎመ ገጽ አያወጣም። "ትርጉሙን ጨርሻለሁ፣ ፋይሉ ግን አልተፈጠረም" የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው የተያዘው። --ኪፕ በሚለው አማራጭ ገደቡን ዝቅ ማድረግ ይቻላል፣ ግማሽ አማርኛ ግማሽ እንግሊዝኛ የሆነ ገጽ ማውጣት ተገቢ ነው ወይ የሚለው የአንተ ውሳኔ ነው። እኔ 80ውን አልነካውም።

ፊደላችን ከግሮፍ ጋር ሲገናኝ የሚነሱ ነገሮች አሉ። ግሮፍ መስመር የሚሰብረው ክፍት ቦታ ላይ ነው። ቃላትን በሁለት ነጥብ (፡) ብቻ ለይተህ ያለክፍት ቦታ ከጻፍክ አንቀጹ በሙሉ እንደ አንድ ቃል ተቆጥሮ ከስክሪኑ ይወጣል። ማን ደግሞ የቀኝ ጠርዙን ለማስተካከል በቃላት መካከል ክፍተት ይጨምራል፤ የአማርኛ ቃል ረጅም ስለሆነ ("እንደሚያስቀምጣቸው" ብቻውን 11 ፊደል ነው) በ80 ፊደል ስፋት ላይ መስመሩ ወንፊት ይመስላል። ከቲኤች መስመር ቀጥሎ ኤዲ ኤል የሚለውን ትዕዛዝ በነጥብ ጀምረህ ጻፍ፣ ወደ ግራ ብቻ ይደረደራል። አራት ነጥብን (።) ግሮፍ የዓረፍተ ነገር መጨረሻ አድርጎ አያውቀውም፤ ከሱ በኋላ የሚጨምረው ተጨማሪ ክፍተት ስለሚቀር ግን ለእኛ ጉዳት የለውም።

የፊደሉ ስፋትም አለ። ተርሚናል ለእያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል የአንድ ላቲን ፊደል ቦታ ይሰጠዋል፤ ፎንቱ ሰፋ ያለ ከሆነ "ጨ" እና "ጠ" ጎረቤታቸው ላይ ይወጣሉ ወይም ጠርዛቸው ይቆረጣል። ገጹን ከአንድ በላይ ተርሚናል ላይ እየው፣ ይህ ግን ማን ፔጁ የሚያስተካክለው ነገር አይደለም።

የርዕሶቹን ስም በተመለከተ፣ "አጠቃቀም"፣ "አማራጮች"፣ "ፋይሎች" ብሎ መተርጎም ጥሩ ነው። ኔም የሚለውን ግን ተጠንቀቅ። ሌክስግሮግ የሚለያቸው የተተረጎሙ ርዕሶች ዝርዝር የተወሰነ ነው። "ስም" ብለህ ተርጉመህ ሌክስግሮግ ካላነበበልህ እንግሊዝኛውን መልሰው፣ ገጹ በፍለጋ መገኘቱ ይበልጣል። አማራጮቹና የፋይል ስሞቹ በላቲን ይቆያሉ፣ ተጠቃሚው የሚጽፈው እነሱን ስለሆነ።

መጨረሻ የምለው፦ መስኮቱ ላይ "ምርጫዎች" የተባለውን ማን ፔጁ ላይ "ቅንብር" አትበለው። የመስኮቱን የፖ (የትርጉም) ፋይል ከጎንህ ከፍተህ ተርጉም።


ጀማሪው_አልሚ፦

በጣም አመሰግናለሁ፣ ጂቲኬ-ኢኒት በርግጥም ሜይን ውስጥ ነበር። ሲወጣ --ሄልፕ ሰርቨሩም ላይ ሠራ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ፕሮግራሙ በፍላትፓክም (ከዲስትሪቢውሽኑ ፓኬጅ ውጭ ያለ የፕሮግራም ማሰራጫ) ይሰራጫል፤ ማን ፔጁ እዚያ ይደርሳል? ደግሞስ አማራጭ ሲጨመር ገጹ እንዳያረጅ ምን ይደረጋል?


ፓኬጅ_ሠሪ፦

ፍላትፓክ ማን ፔጅ ወደ ውጭ አያወጣም። የሚያወጣው የዴስክቶፕ ፋይሉን፣ አይከኑን፣ የዲባስ ሰርቪሱንና የመሳሰሉትን ነው። ብዙ ማኒፌስቶች (የፍላትፓክ ግንባታ መመሪያ ፋይሎች) ቦታ ለመቆጠብ ሼር/ማንን ክሊንአፕ ዝርዝር ውስጥ ያስገቡታል፣ አንተም ብታደርገው ችግር የለውም። ለፍላትፓክ ተጠቃሚ የሚቀርበው --ሄልፕ ብቻ ስለሆነ እሱን አታሳንሰው፤ የእያንዳንዱን አማራጭ መነሻ ዋጋ እዚያም ጻፍ።

ለማርጀቱ፣ ኢንክስኬፕ (የሥዕል ፕሮግራም) ጥሩ ማስተማሪያ ነው። በ2020 በወጣው 1.0 ላይ --ኤክስፖርት-ፒኤንጂ እና --ዊዝአውት-ጂዩአይ አርጅተዋል ተብለው በ--ኤክስፖርት-ፋይልኔም ዓይነት አማራጮች ተተክተዋል። አማራጭ እንዲህ በጅምላ ሲቀየር ገጹን በትዝታ ማስተካከል አይቻልም።

ስለዚህ በሜሶን ቴስት አድርገው። ቴስቱ 10 መስመር የማይሞላ የሼል ስክሪፕት ነው፦ ፕሮግራሙን በ--ሄልፕ ጠርቶ በሁለት ሰረዝ የሚጀምሩትን ቃላት በግሬፕ (ጽሑፍ ፈላጊ ትዕዛዝ) ያወጣል፣ እያንዳንዱን ገጹ ውስጥ ይፈልጋል፣ ያልተገኘ ካለ ስሙን አሳይቶ በ1 ይወጣል። ገጹ ውስጥ ሰረዞቹ \-\- ተብለው ስለተጻፉ ከመፈለግህ በፊት ወደ ኋላ ያዘመሙትን ጭረቶች በሴድ አስወግድ፣ አለዚያ ሁሉም "የለም" ይልሃል። ስክሪፕቱን ከመጥራትህ በፊት ኤልሲ_ኦል የሚለውን ሲ አድርገው፤ --ሄልፕ በአማርኛ ከወጣ የአማራጩ ዋጋ ስም ተተርጉሞ ግሬፕህን ሊያሳስት ይችላል። ተቃራኒውንም ፈትሽ፣ ገጹ ላይ ኖሮ --ሄልፕ ላይ የሌለ አማራጭ የሞተ ነው።

ስለ ቀኑ ደግሞ፦ ቲኤች መስመር ላይ የሚጻፈው ጽሑፉ በመጨረሻ የተሻሻለበት ቀን ነው። ቢልዱ የተሠራበትን ቀን በስክሪፕት ካስገባህ ያው ሶርስ በተገነባ ቁጥር የተለየ ፋይል ይወጣል፣ የሪፕሮዲዩሲብል ቢልድ ፍተሻም ይጥለዋል።

ገጹን በጂዚፕ አትጨምቀው። ሜሶን ከ0.49 ጀምሮ እንዳለ ነው የሚያስቀምጠው፣ መጭመቁን ዴቢያን ላይ ዲኤች_ኮምፕረስ ይሠራዋል። ፕሮግራሙ ሁለተኛ ስም ካለው ለሱ ሌላ ገጽ አትጻፍ፤ በነጥብ የሚጀምር ኤስኦ ከሚለው ትዕዛዝ ቀጥሎ ማን1/ እና የዋናውን ፋይል ስም የያዘ ባለ አንድ መስመር ፋይል ይበቃል። ፈቃዱን በተመለከተ፣ ገጹን ከፕሮግራሙ ጋር በአንድ ላይሰንስ ሥር አድርገው።


ሮፍ_ጸሐፊ፦

አንድ ጭማሪ። ያ ቴስት የአማርኛው ገጽ ላይም ይሂድ፤ አማራጮቹ በላቲን ስለሚቆዩ ያው ግሬፕ ይሠራል። የግሮፍ -ደብልዩደብልዩ ፍተሻውን ግን በአማርኛው ላይ ስታስኬድ -ኬ ጨምርለት፤ ካልጨመርክ ዩቲኤፍ-8ን ስለማያነብ እያንዳንዱ ፊደል ላይ ማስጠንቀቂያ ያወጣና እውነተኛው ስሕተት በመካከሉ ይጠፋል።